ለ«ትንሽ ነገር ናት» ባዮች ክብር ይግባቸው

ባለፈው ሳምንት አንድ ደንበኛ የሰዓት ዋጋዬን ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። «በሰዓት? ፓርኪንግ አደረግከው እንዴ!» አሉኝ። ውጭ የቆመችው መኪናቸው በሰዓት እየተቆጠረባት ነበር። ስንወጣ ሳይከራከሩ ከፈሉ።

ዌብሳይት በፍሪላንስ፣ ማለትም ሳትቀጠሩ በግል፣ የምትሠሩ ሁሉ እኚህን ሰው ታውቋቸዋላችሁ። እኔ ዛሬ ላመሰግናቸው ነው። ኮድ አይተው አያውቁም፤ ሥራው ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ግን ከኛ በላይ ያውቃሉ። «ትንሽ ነገር ናት፣ ግማሽ ቀን አትፈጅብህም» ይላሉ። ተሰጥኦ ነው!

የፔንሲዮኑን ባለቤት እዩልኝ። ዌብሳይቱ አልቋል። እንግዳው ቀን መርጦ አልጋ ይይዛል። «አንዲት ትንሽ ነገር ቀረች። ቀኑን በኢትዮጵያ አድርግልኝ፤ ምን አላት፣ 7 መቀነስ ነው» አሉ። እንዴት ያለ አእምሮ ነው! 7 መቀነሱ ከመስከረም 1 እስከ ዲሴምበር መጨረሻ ይሠራል። ጃንዋሪ ከገባ 8 ይሆናል። መስከረም 1 አብዛኛውን ጊዜ ሴፕቴምበር 11 ነው፤ በ4 ዓመት አንዴ ግን 12 ላይ ይውላል። ደግሞ የተገኘው የቀን መምረጫ የሚያውቀው 12 ወር ነው፤ ጳጉሜን የት ትግባ? እንደምንም አስገባኋት፣ 5 ቀን ሰጠኋት። «6 የምትሆንበት ዓመት አለ እኮ» አሉኝ፣ ገና አሁን ትዝ ብሏቸው። እሺ። ከዚያ ሰዓቱም በኛ ይሁን ተባለ። ሆነ። ታዲያ ከሌሊቱ 8 ሰዓት የመጣ እንግዳ የትናንት ነው የዛሬ? ለፈረንጁ ቀኑ እኩለ ሌሊት ላይ ተቀይሯል፤ የኛ ሰው ግን ጎህ ሳይቀድ ነግቷል አይልም። በዚህ ጉዳይ ከባለቤታቸው ጋር ክርክር ገጠሙ። እኔ መሃል ቁጭ ብዬ አዳመጥኩ። ቡና ተፈላ። ሁለቱም አላሸነፉም። በመጨረሻ የውጭ እንግዶች ግራ ስለተጋቡ «በቃ፣ እንደ ድሮው መልሰው» ተባለ። መመለሱም ትንሽ ነገር ናት።

የሰዓት ሂሳባቸውም ያስቀናል። በወር 60 ሺህ ብር ለማግኘት በዓመት 720 ሺህ ያስፈልጋል። በሳምንት 40 ሰዓት ከተሠራ ዓመቱ 2080 ሰዓት ነው። ሲካፈል 346 ብር! በሂሳባቸው ውስጥ በዓል የለም፣ መብራት አይጠፋም፣ ጉንፋን አይዝም። ስብሰባው፣ ፕሮፖዛሉ፣ ሌሊት በቴሌግራም የሚላከው የድምፅ መልእክት፣ «ነገ አስገባልሃለሁ» የተባለውን ክፍያ ማሳደዱ ሁሉ ጊዜ አይወስድም። ከሰዓቱ የሚከፈልበት ግማሹ ብቻ ነው ብላችሁ ብታስቡ ግን 692 ብር ይመጣል። ግብሩና ላፕቶፑ ገና አልገቡም።

እዚህ ላይ ሽሙጡ ይቅር። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። ሆስቲንጉን፣ ማለትም ዌብሳይቱ ኢንተርኔት ላይ የሚቀመጥበትን ቦታ፣ ከውጭ የሚገዛ ሰው የሚከፍለው በዶላር ነው። በድሮው ዋጋ ተስማምተው ልዩነቱን ከኪሳቸው የሸፈኑ ልጆች አሉ። ደንበኛው የራሱን ዕቃ ዋጋ በማግስቱ ጨምሯል፤ ልጁ ሲጨምር ግን «ስግብግብ» ተባለ። ሥራውን ከተረከቡ በኋላ ስልክ የማያነሱም አሉ። ነውር ነው! የቤት ኪራይ «ትንሽ ነገር ናት» ተብሎ አይታለፍም።

ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። የፓርኪንጉ ሰውዬ ትናንት ደወሉልኝ። ሥራውን የእህታቸው ልጅ በ5 ሺህ ብር ሊሠራው ነው። 12ኛ ክፍል ነው፣ ኮምፒውተር በጣም ይወዳል አሉ። እንኳን ደስ አለዎት አልኳቸው። ሲቸግረው እንዳግዘው ስልኬን ሰጥተውታል።