ባሕር ዳር ላይ ይህ አይሠራም
አንድ ጸሐፊ «ብስክሌት የልጅነት ነገር ነው» ብሎ የጻፈውን አልቀበልም። እኛ ባሕር ዳሮች እግራችን ፔዳል ሳይደርስ፣ በሳንቲም በዙር እየተከራየን፣ በብስክሌቱ አግዳሚ ብረት ሥር እግር አሾልከን ነው የለመድነው። ዛሬ ጡረታ ወጥቼም ገበያ የምሄደው በእሷው ነው። ከተማው ሜዳ፣ ዳር ዳሩ ዘንባባ፣ የጣና ነፋስ ፊትን ሲመታ... ከዚህ ወዲያ ምን አለ? ጎማ ከተነፈሰም ጎሚስታ አልለምንም፤ ከመነዳሪውን (የውስጡን ጎማ) አውጥቼ ውኃ የሞላ ሳፋ ውስጥ እነክራለሁ፣ አረፋ ያወጣበትን ሞርጄ በማስቲሽ እለጥፋለሁ። ብስክሌተኛው ጽጋቡ ግርማይ በ2008 ዓ.ም. ክረምት በፈረንሳዩ ታላቅ የብስክሌት ውድድር፣ ቱር ደ ፍራንስ ላይ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኖ ሲወዳደር ከቴሌቪዥኑ ፊት አልተነሣሁም (ባለቤቴ ትመስክር)። ይልቅ ለብስክሌት በተከለለው መስመር ላይ መኪና የምታቆሙ ሰዎች፣ እባካችሁ አንሡልን!