«ፊትዎን ገለጥ ያድርጉልን እንጂ»

ባለፈው ሰሞን አመሻሽ ላይ፣ ሾላ አካባቢ አንዲት እናት ጉልት ጋ ቁጢጥ ብዬ ቲማቲም እመርጥ ነበር። አንድ ወጣት ስልኩን ለጓደኛው አስይዞ መጣና 200 ብር ዘረጋላቸው። ብሩን ተቀብለው ሲመርቁት ካሜራውን አዩና ነጠላቸውን ሳብ አድርገው ተሸፈኑ። «እማማ፣ ፊትዎን ገለጥ ያድርጉልን እንጂ!» አላቸው። ገለጡ። ምን ያድርጉ፣ ብሩ እጃቸው ገብቷል።

«ፈቅደው ነው የተቀረጹት» የሚል አይጠፋም። ይህን ፈቃድ ማለት ይከብደኛል።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 27፣ የሰው ፎቶ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና ለሽያጭ እንዳይቀርብ ይከለክላል። ልብ በሉ፣ የያዘው ማንሳቱን ሳይሆን ማሳየቱን ነው። ያኔ በሁለቱ መካከል ጨለማ ክፍል፣ የፊልም አጠባና የፎቶ ቤት መስኮት ነበሩ። ዛሬ አንድ ጣት ይበቃል።

አንቀጽ 28 ደግሞ ፈቃድ የማያስፈልግበትን ይዘረዝራል፤ ታዋቂ ሰው፣ ባለሥልጣን፣ የፖሊስና የፍትሕ ሥራ፣ በአደባባይ የተፈጸመ ነገር። ይህ ባይኖር ጥምቀትን ጃንሜዳ ወርዶ የሚያነሳ ጋዜጠኛ የሕዝቡን ሁሉ ፊርማ ሊሰበስብ ነው። የቀረጻ ልጆችም የሚሸሸጉት እዚሁ ነው፤ «መንገድ ላይ ነው» ይላሉ። የጉልቷ ነገር ግን ካሜራው ባይመጣ ኖሮ አይፈጸምም ነበር። ራስህ ያዘጋጀኸው ትዕይንት እንዴት ዜና ይሆናል?

አንቀጽ 29 ባለምስሉ «ይቁም» የማለት መብት ይሰጠዋል፤ ፍርድ ቤትም አሳዪው ካገኘው ጥቅም ጋር የሚመጣጠን ካሳ ሊያስከፍል ይችላል። የዩቲዩብ ገቢ እዚህ ውስጥ የማይገባበት ምክንያት አይታየኝም። ግን ማን ይከሳል? ልጁ ሲሄድ እማማ የጠየቁኝ «ልጄ፣ ይኼ ነገር አገር ቤትም ይታያል እንዴ?» ብለው ነው።

ኦሞ ሸለቆ ሙርሲዎች ዘንድ የሚሄድ ቱሪስት በየፎቶው ይከፍላል። እኛም «ሰውን እንደ ዕቃ!» ብለን እናማርራለን፤ እኔም ብዬ አውቃለሁ። ቢያንስ እዚያ ዋጋ የሚጠራው ተነሺው ነው።

መስጠቱን አልጠላሁም። ግን ብሩ አስቀድሞ ይሰጥ፤ ካሜራው እንደጠፋ «ልንቀርጽዎ እንፈልጋለን፣ የሚታየው እዚህና እዚያ ነው፣ እምቢ ቢሉም ብሩ የእርስዎ ነው» ይባሉ። ከዚያ ነጠላቸውን ከገለጡ ይቀረጽ።