ማስተካከያ፦ ቪዲዮዎችን አገናኝቶ አንድ ፋይል ስለማድረግ

ቀደም ሲል በወጣው ጽሑፍ፣ በዊንዶውስ የኮፒ ትዕዛዝ ማንኛውንም ቪዲዮ አገናኝቶ አንድ ፋይል ማድረግ እንደሚቻል ተገልጾ ነበር። ይህ ኤምፒ4 (MP4) ለተባለው የቪዲዮ ፋይል ዓይነት አይሠራም።

ትዕዛዙ የአንዱን ፋይል መጨረሻ ከሌላው መጀመሪያ ጋር ከመለጠፍ ያለፈ ሥራ የለውም። ኤምፒ4 ግን በውስጡ የራሱ ማውጫ አለው። የትኛው ምስል የት እንዳለ፣ ቪዲዮው ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ የሚናገረው እሱ ነው። ሁለት ክሊፕ ሲለጠፍ ማጫወቻው አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያውን ማውጫ ብቻ ያነባል። የፋይሉ መጠን ይጨምራል፣ የሚታየው ግን የመጀመሪያው ክሊፕ ብቻ ነው። አደጋው እዚህ ላይ ነው፤ መጠኑን ብቻ አይቶ ዋናዎቹን የሚያጠፋ ሰው አለ። እባካችሁ፣ አዲሱን ፋይል እስከ መጨረሻው ሳታዩ ምንም አታጥፉ። የሠርግ ቪዲዮ ድጋሚ አይቀረጽም።

የኮፒ ዘዴው የሚሆነው እንደ ኤምቲኤስ (MTS) ላሉ፣ ካሜራው ራሱ ቆራርጦ ለሚያስቀምጣቸው ፋይሎች ነው።

ለኤምፒ4 ሎስለስከት (LosslessCut) ወይም አቪዲመክስ (Avidemux) የተባሉትን የቪዲዮ ፕሮግራሞች ተጠቀሙ። ሁለቱም ነፃ ናቸው። ክሊፖቹን እንደገና ሳይጨምቁ ማገናኘት ስለሚችሉ ጥራቱ አይቀንስም፣ ሥራውም ቶሎ ያልቃል።

ይህም ቢሆን ክሊፖቹ በአንድ ካሜራ፣ በአንድ ዓይነት ሴቲንግ የተቀረጹ መሆን አለባቸው። አንዱ በቀጥታ ከስልክ፣ ሌላው በዋትስአፕ ተጨምቆ የመጣ ከሆነ አይገጥሙም። ያኔ እንደ ሾትከት (Shotcut) ባለ የቪዲዮ ኤዲተር አስገብቶ እንደ አዲስ ኤክስፖርት ማድረግ ነው። ረዘም ያለ ጊዜ ይወስዳል፤ ላፕቶፑን ቻርጀር ላይ ሰክታችሁ ጀምሩት።