ፈጥኖ ላረፈ ምስጋና ይገባዋል

ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ቁጭ ብሎ ውሃውን ዝም ብሎ የሚያይ ሰው ካጋጠማችሁ፣ ከሌላ ከተማ የመጣ እንግዳ ነው። የእኛ ሰው እንዲህ ዓይነት ብክነት አያውቅም። ከፒያሳ በባጃጅ ይከንፋል፣ ሁለት ፎቶ ያነሳል፣ «ሪላክስ እያረግኩ ነው» ብሎ ይለጥፋል፣ ባጃጁን ሳያሰናብት ይመለሳል። አሞራ ገደል ዓሣ የሚጠብቁት አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች እንኳ ከእሱ በላይ ይቆያሉ፤ ምን ያድርጉ፣ ሥራ ፈቶች ናቸው። ቤት ውስጥ ቡና ሲፈላም አቦሉን ቆሞ ጠጥቶ ይወጣል። ቶና እና በረካ የሚባሉ ነገሮች እንዳሉ ከሰው ሰምቷል።

ይህ የረቀቀ የእረፍት ችሎታ ዓለም አቀፍ ፈተና የገጠመው ዋንደርስቶፕ በተባለው የቪዲዮ ጌም ነው። ጌሙ በመጋቢት 2017፣ በፈረንጆቹ 2025፣ ወጣ። የሠራው አይቪ ሮድ የሚባል ስቱዲዮ ነው፤ ከጀርባው ያለው ዴቪ ሬደን ቀደም ሲል ዘ ስታንሊ ፓራብል በተባለ ጌም የታወቀ ሰው ነው። ባለታሪኳ አልታ ተሸንፋ የማታውቅ ተፋላሚ ነበረች። አንድ ቀን ተሸነፈች፣ ደገማት፣ ልታስተካክለው ወደ ጫካ ሮጠች፤ እዚያም ሰይፏን ማንሳት አቅቷት ወደቀች። ስትነቃ ቦሮ የሚባል ግዙፍና ደግ ሰውዬ ሻይ ቤት ደጃፍ ላይ ነች። «እረፊ፤ ካሻሽ ሻይ በማፍላት አግዢኝ» ነው ነገሩ። የሚቆጥር ሰዓት የለም፣ ገንዘብ የለም፣ መሸነፍ የለም።

ጀግኖቻችን ይህን የሰሙ ዕለት «ታዲያ በአንድ ለሊት ይጨረሳል!» አሉ። ጨረሱትም።

እንዴት እንደጨረሱት ለትውልድ መመዝገብ አለበት። ሻዩ የሚጀምረው ከቁጥቋጦ ቅጠል በቅርጫት ሰብስቦ ማድረቂያው ላይ በመጨመር ነው። እስኪደርቅ ድረስ ጌሙ የረገፈ ቅጠል ጥረጊ፣ አረም ቁረጪ፣ አግዳሚው ላይ ተቀመጪ ይላል። ጀግኖቻችን ግን መቆጣጠሪያውን ጉልበታቸው ላይ ጣል አድርገው ቲክቶክ ይከፍታሉ። አንዳንዱ የማይንክራፍት ጌምን ሙዚቃ የሠራው ሲ418 የሚባል ሙዚቀኛ ያቀናበረውን ዜማ ዘግቶ የፕሪሚየር ሊግ ትንታኔ ያደምጣል።

አትክልቱ ላይ ደግሞ ብልጠታቸው ያስቀናል። ዘር የሚተከለው ባለ ስድስት ጎን በሆኑ መደቦች ላይ ነው፤ ምን እንደሚበቅል የሚወስነው የዘሮቹ ቀለምና የአደራደራቸው ቅርጽ ነው። ሦስት ዘሮች በአንድ ረድፍ ሲደረደሩና ውሃ ሲጠጡ ትንሹ ተክል ይወጣል፣ ይህ ዘር ይሰጣል። አራተኛ ዘር ሲታከል ትልቁ ይወጣል፣ እሱ ደግሞ ለሻዩ የሚሆነውን ፍሬ ያፈራል። ቅርጾቹ እዚያው ጌሙ ውስጥ ባለ መጽሐፍ ተሥለዋል። መጽሐፍ ማን ይገልጣል? ዝርዝሩን ከኢንተርኔት ፎቶ አንስተው ያላቸውን ዘር ሁሉ በትልቁ ላይ ይጨርሳሉ። ፍሬው ይንዠረገጋል፤ ቀጥሎ ዘር ያጥራቸዋል፤ እንደገና ትንሹን ከመትከል ይጀምራሉ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ያሉት አባቶች ይህን ያህል ዘመናዊ ማስረጃ እናገኛለን ብለው አልጠበቁም።

ማፍያው ቤቱ መሃል የቆመ ትልቅ የብርጭቆ ማሽን ነው። መሰላሉ ላይ ወጥቶ ገመድ ስቦ ውሃ መሙላት፣ በወናፍ እየነፉ ሙቀቱን ልኩ ላይ ማድረስ፣ ቧንቧውን በእርግጫ መትቶ ውሃውን ወደ ቀጣዩ ማሰሮ ማውረድ፣ የደረቀውን ቅጠልና ፍሬውን መወርወር፣ ዳግም በእርግጫ፣ ከዚያ ጽዋ ይዞ መቅዳት። ጀግኖቻችን እርግጫውን ወደውታል። የሚሳሳቱት ደንበኛው የጠየቀውን ንግግር ሳያነቡ ስለዘለሉ ነው። የተጠየቀው አንድ ፍሬ ነበር፣ እነሱ ሌላ ጨመሩ፤ ሰውየው የእኔ አይደለም ይላል፤ እነሱም «ጌሙ ችግር አለበት» ይላሉ።

አልታ የራሷን ሻይ ይዛ ብትቀመጥ እንደጨመረችው ፍሬ እየለያየች ስላለፈ ሕይወቷ ታወጋለች። ይህ ምንም ሥራ አያቀላጥፍም፤ ስለዚህ በትክክል ተዘልሏል።

እውነተኛው ጀግንነት ግን የሚታየው ምዕራፉ ሲቀየር ነው። ሜዳው ቀለሙን ይለውጣል፣ የተከሉት አትክልት ይጠፋል፣ ደንበኞቹ ጥያቄያቸው ሳይፈጸም ይሄዳሉ። ጌሙ ሆን ብሎ ያደረገው ነው። በዚህ ጊዜ ከጀግኖቻችን አንደበት የሚወጣውን እዚህ መጻፍ አይቻልም፤ ጨዋ የሆነው ክፍል «ለምን ታዲያ ለፋሁ?» የሚል ነው። አልታም በዚያው ሰዓት ስክሪኑ ላይ ይህንኑ እየጮኸች ነው። ግን ማን ያያታል፣ ንግግሩ በአንድ በተን ታልፏል።

የዓለም ጤና ድርጅት በፈረንጆቹ 2019 በሽታዎችን በሚመድብበት ዝርዝሩ፣ ባግባቡ ካልተያዘ የሥራ ጫና የሚመጣውን መዛል በሦስት ምልክቶች ገልጾታል፤ አቅም መሟጠጥ፣ ከሥራ በልብ መራቅ ወይም ሥራን መጥላት፣ ውጤታማ አለመሆን። በሽታ አላለውም፣ የሥራ ቦታ ክስተት ነው ያለው። ጀግኖቻችን ይህን ሁሉ ከቢሮ ውጭ፣ በሻይ ጌም ላይ ማሳካታቸው ድርጅቱ ዝርዝሩን እንዲያሻሽል ያስገድደዋል። ጌም ቤት ገብተው በሰዓት እየከፈሉ የተጫወቱት ደግሞ ልዩ ምስጋና ይገባቸዋል፤ ከጀርባቸው የኳስ ወረፋ የሚጠብቁ ልጆች «ጨርስ እንጂ ወንድሜ!» እያሏቸው ነው መረጋጋትን የተለማመዱት።

ሲነጋ ዓይናቸው ቀልቶ፣ ማኪያቶ በቁማቸው እየጠጡ ለጓደኛቸው የሚሰጡት ምክርም ከልብ ነው፦ «አሪፍ ጌም ነው፣ ጭንቀት ምናምን ያስረሳል። ግን ወሬ ይበዛዋል፣ ዝለለው። የተክሎቹን ዝርዝር በቴሌግራም ልላክልህ፣ እስከ ንጋት ትጨርሰዋለህ።»