«ይሄማ ፎቶ ነው»

አሁን፣ ገና እጄ ሳይታጠብ ነው የምጽፈው። እርሳሱ ጥፍሬ ውስጥ ነው።

«አንተ ልጅ፣ ይሄማ ፎቶ ነው!» አሉ ጋሼ፣ ያዘዙኝን የአባታቸውን ምስል ሳስረክባቸው። ደሴ ፒያሳ መሀል፣ ሰው እየሰማ።
«በእጅ የተሳለ ነው ጋሼ።»
«አታሞኘኝ! ፕሪንት አውጥተህ ነው ይሄን ሁሉ ብር የምትጠራው?»

ሲያዙኝ እኮ «ፎቶሪያሊስቲክ ይሁን» ያሉት ራሳቸው ናቸው! ቃሉ ምን ማለት ነው ታዲያ? ፎቶ ያልሆነ፣ ግን ፎቶ ነው ብለህ የምትምልበት ምስል! የእጅ ስዕል ይሆናል፣ የኮምፒውተር ሥራ ይሆናል። ካሜራ ያነሳው ፎቶ አይባልበትም። አንዱ ስቱዲዮ ደግሞ «ፎቶሪያሊስቲክ ፎቶ እናነሳለን» የሚል ታፔላ ሰቅሏል። እርጥብ ውሃ እንሸጣለን በሉና! ባለፈው ስብሰባ ላይ አንዱ «ፎቶሪያሊስቲክ እቅድ» ሲል አጨበጨቡለት። እቅድ ሪያሊስቲክ፣ ማለትም ሊሠራ የሚችል፣ ይባላል ወንድሜ፣ ፎቶው ከየት መጣ? ኧረ በአላህ!

ፎቶሪያሊዝም የሚለውን ስም ያወጣው የኒውዮርኩ ጋለሪ ባለቤት ሉዊስ ማይዝል ነው፣ በ1969 እ.ኤ.አ.። አሜሪካዊው ሰዓሊ ቸክ ክሎዝ ከዚያ ቀድሞ 2 ሜትር ከ73 የሚረዝም የራሱን ፊት በካሬ በካሬ ከፍሎ ስሎ ጨርሷል። እሱንም ደሴ ቢመጣ «ፕሪንት ነው» ይሉት ነበር።

ጋሼ የሟች አባታቸውን ፎቶ በቴሌግራም ላኩልኝ፣ ተጨምቆ ረጅሙ ጎን 1280 ፒክስል። ኤ3 ላይ ሲዘረጋ ለአንድ ሳንቲሜትር 30 ፒክስል ብቻ ይደርሰዋል፤ ሽፋሽፍቱ ጭቃ ነው። እንደ ፋይል ላኩ ስንል ለጌጥ አይደለም! ደግሞ «ጠባሳውን አጥፋው፣ ቀላም አድርገው» ይጨመርበታል። ፎቶሪያሊስቲክ ይሁን፣ ግን አባትየውን አይምሰል!

እኔም የምስለው በካሬ ከፍዬ ነው፦ ፎቶው ላይ የካሬው ጎን 1 ሳንቲሜትር፣ ወረቀቱ ላይ 3። መስመሩን ከተጫንከው ወረቀቱ ይሰረጎዳል፣ ጥላ ስታለብሰው ካሬው ነጭ ሆኖ ይወጣል። ቆዳው በ2ኤች፣ በጠንካራውና ፈዛዛው እርሳስ፤ ጥላው ለስለስ ባለው በ2ቢ፤ ብሌኑ በጣም ለስላሳና ጥቁር በሆነው በ6ቢ። የአይን ብልጭታ በቀለም አይመጣም፣ ወረቀቱን ነጭ ትተህ ነው። በየጥርሱ መሀል ጥቁር መስመር ያሰመረ ሰው የበቆሎ እሸት ይስላል። በጣት ማሸትማ ወዮ! የጣት ቅባት ወረቀቱን ካገኘው ላጲስ አያስለቅቀውም።

ሶስት ሳምንት በጣቴ ሳልነካው ጋሼ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? አውራ ጣታቸውን ምራቅ አስነክተው የአባታቸውን ጉንጭ ፈተግ!

ጉንጩ እስከ ጆሮ ጠቆረ። ጣታቸውን አዩት፣ አሸተቱት።

«ለካ እውነትም እርሳስ ነው» አሉ። «አብሽር፣ አምኛለሁ። ግን አሁንማ ተበላሸ፣ ሌላ ሥራልኝ።»