ለአዳማ ነፋስ፦ ሜዳው ይለቀቅልን

ቁጥር፦ ነፋስ ወስዶታል
ቀን፦ ቅዳሜ፣ አቧራው ጋብ ሲል

ለተከበሩ የአዳማ ነፋስ
ባሉበት (የሌሉበት ስለማይገኝ)

ጉዳዩ፦ ከልጆች ጋር ሮኬት የምናስወነጭፍበት ሜዳ እንዲለቀቅልን ስለመጠየቅ

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እንደ ልማድዎ መንገድ ላይ ጠልፈው ሊወስዱት ስለሚችሉ ደግሜም አቅርቤዋለሁ።

ክቡርነትዎ ሥራ የበዛብዎት እንደሆኑ አውቃለሁ። ከከተማችን በላይ ባሉት ኮረብታዎች 136 ተርባይኖች ቆመው ይጠብቁዎታል። መጀመሪያ 34 ተተከሉልዎ፣ ቀጥሎ 102 ተጨመሩ። በጠቅላላው 204 ሜጋ ዋት ነው። ለአንድ ሠራተኛ ይህን ያህል መሣሪያ የተገዛለት ሌላ ቦታ አላየሁም። እኔ በመሥሪያ ቤቴ ወንበር እንዲቀየርልኝ ካመለከትኩ ሁለት ዓመት አልፎኛል። ታዲያ ይህን ሁሉ ሥራ ጥለው የ2 ሊትር የለስላሳ ፕላስቲክ ሲያባርሩ መዋልዎ ምን ይባላል?

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ትልቋ ልጄ "አባዬ፣ ሮኬት እንሥራ" አለችኝ። ነገ ትረሳዋለች ብዬ "እሺ" አልኩ። አልረሳችውም። እንዲያውም ለትንሹ ወንድሟ ነገረችው። እሱ ደግሞ ለሰፈሩ ነገረ። በማግስቱ በራችን ላይ ሰባት ልጅ ቆሞ ነበር።

በፈረንጅ አገር የልጆች ሮኬት ከሱቅ ይገዛል። ባሩድ የታሸገባት፣ ጣት የምታክል ሞተር አለችው። ሞተሯ በፊደል ነው የምትጠራው፤ ኤ፣ ቢ፣ ሲ እያለ ይቀጥላል። አንድ ፊደል በተሻገረ ቁጥር ጉልበቱ እጥፍ ይሆናል። እኔ ግን ልጆች አስከትዬ አዳማ ውስጥ ባሩድ ሳፈላልግ ብገኝ፣ የምታሸገው ባሩዱ ሳይሆን እኔ ነኝ። ስለዚህ በውሃ ሮኬት ተስማማን።

የውሃ ሮኬት ዕቃው ሁሉ ሰፈር ውስጥ አለ። የለስላሳ ፕላስቲክ ይፈለጋል፤ ጋዝ ለያዘ መጠጥ የተሠራ ስለሆነ ግፊት ይችላል። ሲሶው ውሃ ይሞላል። አፉ በቡሽ ይወተፋል፣ በቡሹ መሐል ባልቦላ ያልፋል፣ በፖምፓ ይነፋል። ግፊቱ ሲያይል ቡሹ ይለቀቃል። ውሃው ወደ ታች፣ ፕላስቲኩ ወደ ላይ። ኒውተን ሦስተኛውን ሕግ ሲጽፍ ፖምፓ አልነበረውም እንጂ ያለው ይህንኑ ነው። ባልቦላውን ጎሚስታው ከአሮጌ ከመነዳሪ ቆርጦ ሰጠን። "ለምን ጎማ ነው?" አለኝ። "ለሮኬት" አልኩት። ትንሽ አሰበና ሒሳብ አልቀበልም አለ። "ጨረቃ ላይ ስትተነፍሱ ግን ወደ ሌላ ጎሚስታ እንዳትሄዱ!"

ክንፏን ከካርቶን፣ አፍንጫዋን ከወረቀት፣ ጃንጥላዋን ከፌስታል ሠራን። ልጆቹ "ዋልያ" ብለው ሰየሟት። ስሙን ስሰማ የኳሱ ነገር ትዝ ብሎኝ ትንሽ ሰጋሁ፤ ግን ዝም አልኩ።

የቀረን ሜዳ ብቻ ነበር። ሜዳ ብቻ!

መጀመሪያ ግቢያችን ውስጥ ሞከርን። ይኼ የኔ ጥፋት ነው። ከላይ የመብራት ሽቦ፣ ከጎን የልብስ ገመድ፣ ከዚያ ወዲያ የጎረቤታችን የእትዬ ቆርቆሮ። ዋልያ ቀጥ ብላ ወጣች። ከጣሪያው ከፍ እንዳለች እርስዎ ደረሱ። እትዬ ቤት ቶናው እየተቀዳ ሳለ ቆርቆሮው "ጓ!" አለ። ሮጬ ሄጄ "ነፋሱ ነው እትዬ" ብላቸው፣ "ነፋስ ክንፍ ያለው ፕላስቲክ ሠርቶ ይወረውራል እንዴ?" አሉኝ። ይኸው እስከ ዛሬ መልስ የለኝም። በረካው ግን ተሰጥቶኛል።

ቀጥለን አንድ ትምህርት ቤት ሄድን። ሰፊ የኳስ ሜዳ አለው። የአሜሪካ ሞዴል ሮኬተኞች ማኅበር ደንብ ለሲ ሞተር ቢያንስ 120 ሜትር በ120 ሜትር የሆነ ባዶ ቦታ ይጠይቃል፤ የኛዋ በውሃ የምትሄድ ስለሆነች በኳስ ሜዳ ትብቃቃለች ብዬ ነው። ዘበኛው፣ "ምንድነው የያዛችሁት?" አለ። ትንሹ ልጄ ደረቱን ነፍቶ፣ "ሮኬት!"

በዚህ ዘመን ለዘበኛ የማይነገር ቃል ቢኖር ይኼ ነው። ፖምፓው ተፈተሸ፣ ቡሹ ተሸተተ፣ ውሃው ፈሰሰ። በመጨረሻ "ከሚመለከተው አካል ደብዳቤ አምጡ" ተባልን። የሚመለከተው አካል ማን እንደሆነ ብጠይቅ፣ "እሱን እናንተ ናችሁ የምታውቁት" አለ። ቤት ገብቼ ሳስበው፣ በዚህች ከተማ ወደ ላይ የሚሄድን ነገር ሁሉ የሚመለከተው አካል አንድ ብቻ ነው። እርስዎ ነዎት። ይህን ደብዳቤ መጻፍ የጀመርኩት ያን ዕለት ማታ ነው።

ከከተማው ዳር ያሉትን ባዶ ቦታዎችም ዞረን አየን። ባዶ ናቸው፤ ግን የቆርቆሮ አጥር አላቸው። አጥር የሌላቸው ደግሞ ላሞች አሏቸው። ላሞቹ ባለቤት አላቸው፣ ባለቤቱ ዱላ አለው። ይኼን እዚህ ጋ ልተወው።

ሜዳ ያጣነው እኛ ብቻ አይደለንም። ሮበርት ጎዳርድ የሚባሉ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1926 በዓለም የመጀመሪያዋን ባለ ፈሳሽ ነዳጅ ሮኬት ያስወነጨፉት በዘመዳቸው እርሻ ላይ ነው። ሮኬቷ 12 ሜትር ያህል ከፍ ብላ፣ በአየር ላይ 2.5 ሴኮንድ ቆይታ ጎመን መደብ ውስጥ ወደቀች። ጎመን በጤና ማለት ያኔ ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ ግን አንዷ ሮኬታቸው በጣም ስለጮኸች ጎረቤት ደነገጠ፣ አምቡላንስ መጣ፣ የእሳት አደጋ ሹሙም በአካባቢው እንዳያስወነጭፉ ከለከላቸው። ሰውዬው ጓዛቸውን ጠቅልለው ሮዝዌል የምትባል ከተማ አጠገብ በረሃ ገቡ። የጎዳርድን እትዬ አላውቃቸውም፤ ግን እገምታለሁ።

ራቅ ሳንል፣ አገራችን የመጀመሪያዋን ሳተላይት ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ስታመጥቅ ማስወንጨፊያው ቻይና ነበር። ይህን ለትልቋ ነግሬያት፣ "እነሱም ዘበኛ ከለከላቸው?" አለችኝ።

ወደ ክሱ ልመለስ። በመጨረሻ በወንጂ መንገድ፣ ከሸንኮራ አገዳው ወዲህ፣ አንድ ገላጣ ቦታ አገኘን። ሽቦ የለም፣ ቆርቆሮ የለም፣ ዘበኛ የለም። ልጆቹን አምስት እርምጃ ወደ ኋላ አስቆምኩ። ግፊቱ ከ4 ባር እንዲያልፍ አድርጌ አልነፋም። ቡሹ በረዥም ገመድ ነው የሚሳበው፤ ማንም ፊቱን ከላይዋ አያደርግም። ሰባቱም በአንድ ድምፅ ከአምስት ወደ ኋላ ቆጠሩ። ዋልያ ወጣች። እንዴት ያለ አወጣጥ! ጫፍ ላይ ስትደርስ ፌስታሉ ተከፈተ። ልጆቹ አጨበጨቡ።

እርስዎም አጨበጨቡ።

አንዱ ጭብጨባዎ ዋልያን አገዳው ውስጥ ጣላት። አገዳው ከሰው ቁመት ይበልጣል፣ ቅጠሉ ይቆርጣል። አንድ ሰዓት ሙሉ ፈለግን። ትንሹ ክንዱን ተቧጥሮ ባዶ እጁን ወጣ። ዋልያ አየር በአየር ተሸጠች።

እንግዲህ አንቱታው እዚህ ጋ ይብቃን።

ስማ። የአዲስ አበባ ሰው ቅዳሜ ሲደርስ በፈጣን መንገዱ ተንደርድሮ ወደ እኛ የሚመጣው ነፋስ ሊቀበል ነው። ይቀበልህ፤ እኔ ምን ገዶኝ። እኔ የምፈልገው አንተን የማልቀበልበት አንድ የኳስ ሜዳ የሚያህል ቦታ ነው። ሻርፕ ትወስዳለህ፣ ዝም አልን። የታጠበ ልብስ አቧራ ታለብሳለህ፣ ዝም አልን። ፌስታሉን ሁሉ ሰብስበህ ግራር ላይ ትሰቅላለህ፣ አበባ ነው ብለን አለፍነው። ይኼኛው ግን የልጅ ነገር ነው።

ደግሞ ተንኮልህ ሁለት ዓይነት መሆኑን ደርሼበታለሁ። ዋልያ ስትወጣ አንተ ወደምትሄድበት አትዘነበልም፤ አንተ ወደምትመጣበት በኩል ነው የምትዘነበለው። ይኼ መጀመሪያ አልገባኝም ነበር። ክንፏ ከኋላ ስለሆነ ገፍተህ የምታዞረው ጅራቷን ነው፤ ጅራቷ ሲዞር አፍንጫዋ ወደ አንተ ይመለሳል። ለዚህ መድኃኒቱ ክንፍ መንቀል አይደለም፤ ክንፍ የሌላት ሮኬት እንደ ሰካራም ትገለባበጣለች። ክብደቷ ከፊት፣ ክንፏ ከኋላ ሆኖ በቶሎ ሽቅብ መፍጠን አለባት። ይኼን ሁሉ ለልጆቹ ሳስረዳ ትልቋ፣ "አባዬ፣ እሷ እኮ ወዳው ነው የምትሄደው" አለች። ቅናት ያዘኝ።

ስትወርድ ደግሞ ሁለተኛው ተንኮል ይመጣል። ጃንጥላዋ 10 ሴኮንድ አንጠልጥሎ ያቆያታል እንበል። አንተ በሴኮንድ 8 ሜትር ከሄድክ 80 ሜትር ወሰድካት ማለት ነው። ሒሳቡን የሠራችው ትልቋ ናት፤ በጣት ተቆጥሮ ያልቃል። ጃንጥላው በሰፋ ቁጥር ሮኬቷ ያንተ ትሆናለች። ስለዚህ ለዋልያ ሁለት መጀመሪያ ጃንጥላዋን መሐሉ ላይ በሳነው። ቀጥለን ጭራሽ ተውነውና ረዥም የፌስታል ሪባን አሰርንላት። ፈጠን ብላ ትወርዳለች፣ ትንሽ ትጋጫለች፣ ግን ከሜዳው አትወጣም።

የቀረው አንተ የማትኖርበትን ሰዓት ማግኘት ነበር። የፈረንጆቹ ደንብ በሰዓት ከ32 ኪሎ ሜትር በላይ ስትነፍስ ማንም እንዳያስወነጭፍ ይከለክላል። እኛ መለኪያ የለንም። አሰብኩና፣ ምን መለኪያ ያስፈልገኛል፣ ኮረብታው ላይ 136 መለኪያ ቆሞልኝ የለ! ተርባይኖቹ ሲቆሙ እንወጣለን፣ ሲዞሩ እንገባለን አልኩ። በዚህ ዘዴ ሁለት ሳምንት ቤት ዋልን። ልጆቹ በየጠዋቱ ወጥተው አይተው፣ "ይዞራል" ብለው ይመለሳሉ። አንዴ ሦስቱ ቆመው አዩና ጫማ ሳያደርጉ ሮጡ። ሜዳው ስንደርስ አቧራ አቀመስከን። እነዚያ ሦስቱ ለካ ለጥገና ነው የቆሙት።

ያዳኑን እትዬ ናቸው። አንድ ቀን ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ውሃ ልቀዳ ስወጣ የማድቤታቸው ጭስ እንደ ክር ቀጥ ብሎ ሲወጣ አየሁ። ቀና ብዬ ኮረብታውን አየሁ፤ ተርባይኖቹ ይዞራሉ! ያኔ ነው የነቃሁብህ። ሌሊት መሬት ሲቀዘቅዝ ከመሬቱ ጋር የተጠጋው አየር ረግቶ ይተኛል፤ አንተ ከላይ ከላይ ትንሸራተታለህ። ፀሐይ መሬቱን አሙቃ ታችና ላዩን ስታማስለው ነው ወደ ሰፈር የምትወርደው። ባጭሩ፣ እንደ ማንኛውም የመንግሥት ሠራተኛ ከሦስት ሰዓት በፊት ቢሮ አትገባም።

ባለፈው ቅዳሜ በ12 ሰዓት ሰባት ልጅ ቀሰቀስኩ። ይኼ ራሱ ሌላ ደብዳቤ ይወጣዋል። ወንጂ መንገድ ስንደርስ አንዲት ቅጠል አትንቀሳቀስም። ዋልያ ሁለት እንደ እትዬ ጭስ ቀጥ ብላ ወጣች፣ ሪባኗን እያርገበገበች ቀጥ ብላ ወረደች። ከተነሳችበት አሥር እርምጃ አይሞላም። ድል ነው ብዬ ዞር ስል ትንሹ ፊቱን አጥቁሮ ቆሟል።

"ምን ሆንክ?"

"አልጠፋችም እኮ። አንፈልግም ማለት ነው?"

በዚህ ምክንያት ጥያቄዬን እንደሚከተለው አሻሽያለሁ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ተኩል ሜዳው የኔና የትልቋ ይሁን። ከዚያ በኋላ መጥተህ ለትንሹ አንድ ጊዜ ብቻ ግፋለት። በመጠኑ። እስከ መንገዱ ድረስ፤ እስከ አገዳው አይሁን።

ከሰላምታ ጋር

የዋልያ ሁለት ፖምፓ ነፊ

ግልባጭ፦
ለእትዬ፣ ጭሱ ስለጠቀመን ለማመስገን። የቆርቆሮው ጉዳይ እንዳለ ሆኖ።
ለዘበኛው፣ የሚመለከተው አካል ፈርሞ ሲልክልኝ ይዤ እመጣለሁ።
ለአገዳው፣ ሲቆረጥ አንዲት ፌስታል የተንጠለጠለባት ፕላስቲክ ብትገኝ የሰባት ልጆች ንብረት መሆኗ እንዲታወቅልን።