ብርድ ልብስ ተሸክሞ ደብረ ብርሃን

የእህቴ ልጅ ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ተመደበ። ድሬዳዋ ተወልዶ ያደገ፣ እቤት ውስጥ ከሽርጥ ሌላ መልበስ የማይወድ ልጅ ነው። ምደባው በስልክ እንደታየ ሳቢያን ሰፈር ያለው ቤት ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ "እንኳን ደስ ያለህ" ሲል ግማሹ "ወይኔ ልጄን፣ ብርዱ ሊጨርሰው ነው" ይላል። እናቱ በነጋታው ቀፊራ ሄዳ ለብቻው ሻንጣ የሚሞላ ብርድ ልብስ ገዝታ መጣች።

እኔ ከቨርጂኒያ ለእረፍት መጥቼ ነበር። የራሴን ልጅ ባለፈው ዓመት ኮሌጅ አስገብቻለሁና ይሄ ግርግር እንግዳ አልሆነብኝም። ወጪው እዚያና እዚህ በጣም እንደሚለያይ ማንም ያውቀዋል። እኔን የገረመኝ የሚመሳሰሉበት ነገር ነው። ሁለቱም ጋ ገንዘቡ የሚያልቀው ልጁ ገና ግቢ ሳይገባ ነው።

አሜሪካን ላስቀድም። እዚያ የዕቃውን ዝርዝር የሚያወጣው ሱቁ ነው። ሐምሌ ሲገባ ትልልቆቹ መደብሮች በራቸውን በዶርም ዕቃ ይሞሉታል። ምን ምን መገዛት እንዳለበት አንድ በአንድ የጻፉበትን ወረቀት ሳይቀር አዘጋጅተው ይጠብቋችኋል። የአገሪቱ የቸርቻሪዎች ፌዴሬሽን በየዓመቱ በሚያስጠናው ጥናት መሠረት፣ በፈረንጆቹ 2024 ለኮሌጅ የሚሸምት ሰው በአማካይ ከ1,300 ዶላር በላይ ለማውጣት አቅዶ ነበር። የትምህርት ክፍያውና የማደሪያው ሒሳብ እዚህ ውስጥ የለም። ይሄ ላፕቶፑ፣ ልብሱ፣ ምንጣፉ፣ መብራቱ ምናምኑ ነው።

አንሶላውን ብቻ እንይ። የዶርም አልጋ ብዙ ጊዜ ከተለመደው የአንድ ሰው አልጋ በ5 ኢንች ይረዝማል። ስለዚህ እቤት ያለው አንሶላ ጫፉ አይደርስም። አዲስ ይገዛል። አንሶላው ሲገዛ ከሱ ጋር የሚሄድ ትራስ ይመጣል፣ ትራሱን ተከትሎ የአልጋ ልብስ። ለ5 ኢንች ብላችሁ የገባችሁበት ሱቅ ሙሉ ጋሪ አስገፍቶ ያስወጣችኋል።

ልጆቹ በሚገቡበት ቀን ኮሪደሩ ላይ ቆማችሁ ብትታዘቡ ደግሞ ሌላ ጉድ ታያላችሁ። አንድ ክፍል ለሁለት ልጅ ነው። ሁለቱም ቤተሰብ ትንሽ ፍሪጅ ተሸክሞ ይመጣል። ሁለቱም ማይክሮዌቭ አለው። ወላጆቹ በር ላይ ተገናኝተው በፈገግታ ይተያያሉ፤ የማን ይመለስ የሚለውን ግን ደፍሮ የሚያነሳ የለም። ብዙዎቹ ኮሌጆች ዶርም የሚያድር የአንደኛ ዓመት ተማሪ የምግብ ፕላን እንዲገዛ ያስገድዳሉ። ስለዚህ የሚበላው ካፍቴሪያ ነው። የኤሌክትሪክ ምድጃና ሻማም በአብዛኛው ክልክል ናቸው። ድስትና መጥበሻው ዓመቱን ሙሉ ካርቶን ውስጥ ተኝቶ ይከርማል። ግንቦት ላይ ከዶርሙ ጀርባ ያለው የቆሻሻ ገንዳ አጠገብ ያልተፈታ ዕቃ ሳይቀር ተጥሎ ይታያል። ብልጥ ወላጅ ፍሪጁን የሚገዛው ያኔ፣ ከሚወጣው ተማሪ ነው።

ወደኛ ስንመጣ ዝርዝሩን የሚያወጣው ዩኒቨርሲቲው ነው። የጥሪ ማስታወቂያ ይወጣል። የ12ኛ ክፍል ውጤት ዋናውና ኮፒው፣ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ትራንስክሪፕት፣ ጉርድ ፎቶግራፍ፣ አንሶላ፣ ብርድ ልብስ፣ የትራስ ልብስ፣ የስፖርት ትጥቅ። አለቀ። ተደራራቢ አልጋና ፍራሽ ግቢው አለ። ምግብም ካፌ አለ። ለአንድ ተማሪ በቀን ይመደብ የነበረው የምግብ በጀት 22 ብር ነበር፤ በ2017 ወደ 100 ብር ከፍ እንዲል ተወስኗል። በ22 ብር ቁርስ፣ ምሳና እራት እንዴት ይወጣ እንደነበር የግቢ ወጥ ቤት ሠራተኞች ይጠየቁ።

ታዲያ ይህን የምታክል አጭር ዝርዝር የሚያስረዝማት ማነው? ሰፈሩ ነው። የጎረቤቷ ልጅ ባለጎማ ሻንጣ ይዞ ሄዷል። የአክስቱ ልጅ ስልክ ተቀይሮለታል። እህቴ ዕቁቧ የወጣላት በዚያው ሰሞን ነበር፣ እሱ ሁሉ ብር ታይዋን በሚባለው የድሬ ገበያ ላይ ሊበተን ተዘጋጅቷል። ጂንስ፣ ስኒከር፣ ሰዓት፣ የጆሮ ማዳመጫ። "ልጄ ከሰው ልጅ አንሶ እንዲታይ አልፈልግም" አለችኝ። አልፈረድኩባትም። አንድ ዶርም ውስጥ ከየክልሉ ከመጣ ልጅ ጋር ሲተዋወቅ መጀመሪያ የሚታየው ጫማው እንደሆነ እሷም እኔም እናውቃለን። ግን ሰዓት?

ብርድ ልብሱ ላይ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም። ብርዱ እውነት ነው። ድሬ ከባህር ወለል በላይ 1,200 ሜትር አካባቢ ናት፣ ደብረ ብርሃን ደግሞ ወደ 2,800 ሜትር ትጠጋለች። ልጁ ሹራብ እንኳን የለውም። ቢሆንም ደብረ ብርሃን ስሟ የተነሳው በምን ሆነና ነው? በብርድ ልብስ ፋብሪካዋ አይደለም እንዴ! ከድሬ ብርድ ልብስ ጭኖ ደብረ ብርሃን መሄድ ጫት ገዝቶ አወዳይ እንደመውጣት ነው። መንገዱም ቀላል አይደለም። ከድሬ አዲስ አበባ፣ አዲስ አበባ ላይ መናኸሪያ መቀየር፣ ከዚያ ሌላ 130 ኪሎ ሜትር። በየመውረጃው ሻንጣ በበዛ ቁጥር ለጫኝና አውራጅ የሚከፈለው ይጨምራል። ይህን ሁሉ አስልቼ ስነግራት እህቴ "አንቺ ደግሞ ዶላር ስትቆጥሪ ኖረሽ ብር መቁጠርም አማረሽ" አለችኝ። ብርድ ልብሱ ግን በማግስቱ ወደ ነጋዴው ተመለሰ፤ በቀጭን ተቀየረ።

ድሬ ላይ መገዛት ያለበት ሌላ ነገር ነበር። ወፍራም ጃኬት። ነገሩ ግራ ያጋባል፤ በሙቀት አገር ካፖርት? ምክንያቱ ቀላል ነው። ከሳልቫጁ ክምር ውስጥ ከፈረንጅ አገር የመጣ የክረምት ጃኬት ይወጣል፣ ድሬ ግን የሚለብሰው የለም። ሸሚዙና ቲሸርቱ ላይ ሰው ሲጋፋ ጃኬቱ ጥግ ላይ ተከምሮ ይውላል። አንዱን፣ ውስጡ ጥጥ ያለበት፣ ዚፑ ደህና የሆነ ሰማያዊ ጃኬት አንስተን ዋጋ ስንጠይቅ ሻጩ "አቦ፣ ውሰጂውና ገላግይኝ!" አለን። እሱ ጃኬት ደብረ ብርሃን ላይ በዚያ ዋጋ አይገኝም፤ እዚያ ሁሉም የሚፈልገው እሱን ነው። ከእሱ ሌላ ሁለት ሹራብ፣ ካልሲ በብዛት፣ አንድ ሽፍን ጫማና ጓጉንቸር ገዛን። ጓጉንቸሩን ማንም አላሰበውም ነበር። ሎከር ያለ ቁልፍ ምን ይሠራል? በሶና ዳቦ ቆሎውን አያቱ አዘጋጁ፤ ሐልዋው ከሐረር መጣ። እሱ ላይ በጀት አይወራም።

ከዚያ የማይቀረው መጣ። ላፕቶፕ። አክስት ከአሜሪካ መጥታ ያለ ላፕቶፕ መሸኘት በድሬ ሕግ ወንጀል ነው። እኔ ግን "ቆይ" አልኩ። የመጀመሪያው ዓመት የፍሬሽማን ኮርስ ነው፤ ከ2012 ጀምሮ እንደዚያ ነው። ሎጂክ፣ ሳይኮሎጂ፣ ጂኦግራፊ፣ እንግሊዝኛ። ሞጁሉን ተማሪው በቴሌግራም ይቀባበለዋል፣ ስልክ ላይ ይነበባል። ዲፓርትመንት የሚመረጠው ከዚያ በኋላ ነው። ልጁ ሶፍትዌር ቢገባ የሚያስፈልገው ማሽን ሌላ ነው፣ አካውንቲንግ ቢገባ ሌላ። ሳይታወቅ መግዛት ምን ይባላል? ይልቅ እስኪታወቅ እሱ ገንዘብ እዚያው ይቀመጥ።

እዚህ ላይ እኛን ውጭ ያለነውን ልተች። ዕቃ መላክ እንወዳለን። ዕቃ ይታያል፣ ፎቶ ይነሳል፣ "አክስቴ ላከችልኝ" ይባልበታል። የወር ገንዘብ ግን ማንም አያይም። ከአሜሪካ ጭነን የምናመጣውም ሁሌ አይሠራም። የላፕቶፕ ቻርጀር ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ከተጻፈ ችግር የለውም። የዚያ አገር መብራት 120 ቮልት፣ የእኛ 220 መሆኑን ረስቶ የውሃ ማሞቂያና የጸጉር መተኮሻ የሚያመጣ ሰው ግን አሁንም አለ። አንዴ ሶኬት ላይ ሲሰካ ጨሰ፣ አበቃ። ደግሞ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ዋጋ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ያው 50 ዶላር እዚህ ሲደርስ የሚሆነው ብር በእጅጉ ጨምሯል። በየወሩ ትንሽ መላክ ከአንድ ትልቅ ዕቃ በላይ የሚያኖር ጊዜ ቢኖር ይሄ ነው።

ዕዳውንም ሁለቱ አገር ያውቁታል። ልጄ በ18 ዓመቷ የፌዴራል ብድር ፈርማለች፤ በወላጅ ለሚረዳ የአንደኛ ዓመት ተማሪ የሚፈቀደው እስከ 5,500 ዶላር ነው። የእህቴ ልጅም ኮስት ሼሪንግ ይፈርማል፤ ይሄ ከ1996 ጀምሮ ያለ ነው። ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ከደመወዙ ይከፍላል። ስለዚህ ጉዳይ እቤት ውስጥ ማንም አላወራም። ሁሉም ስለ ስኒከሩ ነበር የሚያወራው።

በመጨረሻ የተስማማነው እንዲህ ነው። ከተያዘው ብር አንድ ሦስተኛው ብቻ ድሬ ላይ ወጣ። የቀረው እህቴ ጋ ተቀምጦ፣ እኔ ከምልከው ጋር እየተደመረ በየወሩ በቴሌብር ይገባለታል። ካፌ ይበላል፤ ነን-ካፌ መሆን፣ ማለትም በካፌው ምትክ የምግብ ገንዘቡን ተቀብሎ ራሱን መመገብ ከፈለገ፣ ሁለተኛው ሴሚስተር ላይ ይነጋገራል። እህቴን ያስፈራት የእጁ ገንዘብ ነው።

"በርጫ ቢያደርገውስ?" አለች።

"አቦ እማዬ፣ ደብረ ብርሃን ጫት የት ይገኛል?" አላት።

ይገኛል። እኔ ግን ዝም አልኩ። የኔዋም ብትሆን ለሴሚስተር የተሰጣትን የምግብ ገንዘብ ጥቅምት ሳያልቅ ቡና ጠጥታበት ጨርሳ ነበር። ከዚያ ወዲህ ነው በየሳምንቱ እያካፈለች መጠቀም የለመደችው።

ልጁ ግቢ ከገባ በኋላ የመጀመሪያ ወር ወጪውን በቴሌግራም ላከልን። ልብስ ማጠቢያ ባልዲ። ፔርሙስ። ዲቫይደር፣ ለስድስት ልጅ ያለው አንድ ሶኬት ስለሆነ። ለኮርስ ፎቶ ኮፒ። ብርድ ልብስ፣ ከዚያው ከተማ። ከብርድ ልብሱ በስተቀር ከእነዚህ አንዱም በሰፈሩ ዝርዝር ውስጥ አልነበረም። እህቴ ለእኔ ደወለች። ዝርዝሩን አንብባዋለች።

"ባልዲ ከዚያ ተገዛ?" አለችኝ። "ቀፊራ ሞልቶ! ነገ የሚሄድ ሰው አለ፣ ሁለት ልላክለት?"